ከወንዙ ማዶ ኦርጋን የተጫወትኩበት ቀን

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሰርግ በሚበዛበት ሰሞን የደረሰብኝ ነው። እናቴ የሞተችው ያኔ ነው። እናት የሞተባት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሞትማ የሁሉም ነው። ይህን የምጽፈው እናቴ ስትሞት እኔ ከወንዙ ማዶ ድንኳን ውስጥ ቆሜ ሰው ሳስጨፍር ስለነበር፣ ድንኳኑ ውስጥ ከነበሩት ትልልቅ ሰዎች መሃልም ነገሩን የማላውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስተርተው የኖርኩት ተረት ነው፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

አስቀድሜ ልናገር፣ ቁጡ ነኝ። ይህንንም የምጽፈው እየተናደድኩ ስለሆነ አንድ ሁለት ቦታ ላይ አፌ ቢያመልጠኝ ይቅር በሉኝ።

ሰናይት እባላለሁ። አቃቂ ተወልጄ አቃቂ ያደግኩ ነኝ። ሥራዬ ኦርጋን መጫወት ነው። ኪቦርድ የሚሉትም አሉ፣ በኛ ሰፈር ግን ኦርጋን ነው። ሰርግ፣ ልደት፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ ከጠሩኝ እሄዳለሁ። ሴት ስለሆንኩ መጀመሪያ ያዩኝ ሰዎች ዘፋኟ እመስላቸውና ማይክ ሊሰጡኝ ይመጣሉ። ድምፄን ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ከእጄ ላይ ይቀሙኝ ነበር።

ኦርጋኑን የመረጠችልኝ እናቴ ናት። ሙዚቃ ተምራ አይደለም፤ ዕድሜዋን ክር ፋብሪካ የፈጀች ሴት ናት። ሳሪስ ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚሸጥ ሰው ዘንድ አብረን ሄድን። የኔ ዓይን ያረፈው ትልቁ ላይ ነበር፤ መድረክ ላይ የሚያምር፣ ቁልፎቹ እንደ ፒያኖ ጠንከር ያሉ፣ ድምፁ ጥርት ያለ። ስፒከር የለውም፣ የራሱ ምትም የለውም፣ ክብደቱ ደግሞ የሁለት ሰው ሸክም ነው። ሌላው በብብት ተይዞ ታክሲ ውስጥ የሚገባ፣ ስፒከሩ አብሮት ያለ፣ የአገራችን ምቶች የተጫኑበት ቀለል ያለ ኦርጋን ነበር። እሱን ዞር ብዬም አላየሁት።

ትልቁን ከፍቼ ተጫወትኩላት። ደስ ይላል፣ ግን ሰው አያስነሳም አለች። ከዚያ ትንሹን አስከፈተችኝ። ችክችካውን ስለቀው እናቴ ዱካ ላይ እንደተቀመጠች ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ። ባለሱቁ ሳቀ። ይሄን ነው የምትወስጂው፣ ሰው ሰርግ የሚሄደው አንቺን ሊያደንቅ ሳይሆን ሊጨፍር ነው አለችኝ። ቤት እስክንደርስ አኩርፌያት ነበር። ብዙም ሳይቆይ እውነቷን እንደሆነ ገባኝ። ኦርጋን ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሙዚቃ የማያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱና ትከሻውን እዩ።

እናቴ በካንሰር ታመመች። ሆስፒታል ተመላለስን፣ በመጨረሻ ቤት ወስዳችሁ አስታምሟት አሉን። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እሷም እኔም አውቀናል። እናቴ ሞትን የምትፈራ ሴት አልነበረችም። የንስሐ አባቷን አስጠርታ ተናዝዛለች፣ ቆርባለች፣ የምትገነዝበትን ልብስ እንኳ ራሷ አውጥታ አሳይታኛለች። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ በሌለሁበት መሄድ። አባቴ የሞተው እሷ ፈረቃ ላይ ሆና ነው። ከሥራ ስትመለስ ቀዝቅዞ ነው ያገኘችው። ይህ ነገር በልቧ እንደ እሾህ ተሰክቶ ኖሯል።

አንድ ቀን ጀርባዋን ሳሻት እንዲህ አለችኝ፦ "ሰናይት፣ የኔ ጊዜ ሲደርስ እጄን ያዢኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።"

እሺ አልኳት። ለእናቴ ብቸኛ ልጇ ነኝ። ከዚያ በኋላ ራቅ ያለ ሥራ ሲመጣ አልሄድም ማለት ጀመርኩ። ቃሌን ለመጠበቅ ከአጠገቧ መራቅ አልነበረብኝም፣ አለቀ።

ጋሽ ደበላ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ከእናቴ ጋር አንድ ፋብሪካ ለብዙ ዘመን ሠርተዋል። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉት፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ለክፉም ለደጉም የሚጠሩ ሰው ናቸው። እናቴን ሊጠይቁ ሲመጡ የመጨረሻ ልጃቸው ቤዛ ልትዳር መሆኑን ነገሩንና ኦርጋኑን አንቺ ብትጫወቺልን አሉኝ። አልችልም አልኳቸው። ይህን ያልኩት ጨርሶ ሳላስብ ነው። እናቴ ግን ከአልጋዋ ላይ ሆና ተቆጣችኝ። የደበላ ልጅ ሰርግ ላይ ካልተጫወትሽ ለማን ልትጫወቺ ነው አለች። ድንኳኑ ደግሞ ከኛ ቤት ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ ነው የሚተከለው። በእግር ድልድዩን ዞሮ ትንሽ ያስኬዳል እንጂ በባጃጅ የተቀዳ ሻይ ሳይበርድ ይደረሳል።

እሺ አልኩና እዚያው እናቴ ፊት ነገሬን አስቀመጥኩ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አጠገቧ ይቀመጣሉ። ስልኬ ኦርጋኑ ላይ ይሆናል። የእናቴ ሁኔታ ከተለወጠ ይደወልልኝ፤ ሙሽራዋ እየጨፈረችም ቢሆን ጥዬ እሄዳለሁ። ጋሽ ደበላ፣ ድምፅ ስለሚበዛ ስልክሽን ላትሰሚው ትችያለሽ፣ እትዬ ዘነበች ለኔም ይደውሉልኝ፣ እኔው ራሴ ባጃጅ አስይዤ እልክሻለሁ አሉ። እናቴ መረቀቻቸው። እኔም አመሰገንኳቸው።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ሰውነቷን አጠብኳት፣ አንሶላዋን ቀየርኩላት፣ ሾርባ አቀመስኳት። ፊቷ ደህና ነበር። በምን ዘፈን ነው የምትጀምሪው ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሳምኳትና ወጣሁ።

ድንኳኑ ጋ ስደርስ ዘፋኛችን ሚኪ ሞንታርቦዎቹን አቁሞ ጨርሷል። ሚኪ ለብዙ ጊዜ አብሮኝ የሠራ ልጅ ነው። ኦርጋኔን ማቆሚያው ላይ አስቀመጥኩ፣ ገመዱን ሰካሁ፣ ስልኬን ከቁልፎቹ በላይ አደረግኩት። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ሰው ተነሳ፣ ጭፈራው ደራ። ምሳ ሲቀርብ ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። ተኝታለች፣ ደህና ናት አሉኝ። ይህ እውነት ነበር።

ከምሳ በኋላ ሚኪ መጥቶ የስልክሽ ባትሪ አልቋል፣ ጀነሬተሩ ጋ ወስጄ ቻርጅ ላድርግልሽ አለኝ። እውነትም ቀይ አሳይቶ ነበር። ሰጠሁት። ከተደወለ እየሮጥክ አምጣልኝ አልኩት። እሺ አለ። ዓይኔን አላየኝም፣ እኔ ግን ልብ አላልኩም። ሚኪ ሲርበው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሰው ሁሉ ደግ የሆነብኝ። የማላውቃቸው አሮጊት አጠገቤ መጥተው ወንበር አስጠጉና በነጠላቸው ጫፍ ግንባሬን ጠረጉልኝ። ሳልጠይቅ ምግብ መጣልኝ፣ ቆይቶ ደግሞ መጣልኝ። ሰርግ ላይ ለኦርጋን ተጫዋች ማን ምግብ ያስታውሳል፤ ብዙውን ጊዜ ለምነን ነው የምንበላው። ትልልቆቹ ሴቶች መጨፈራቸውን ትተው አንድ ጥግ ተሰበሰቡ። ድምፁ በዛባቸው መሰለኝና ቀነስኩት። ኧረ ተይው፣ ከፍ አድርጊው ተባልኩ።

ከሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ሚኪ ድምፁ መድከም ጀመረ። ሲደክመው ከፍ ያለውን አይደርስበትም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዘፈን በኋላ ምቱን አቁሜ ድምፁን ዝቅ ማድረግ፣ የሚቀጥለውን ምት መፈለግ ነበረብኝ። ጥሩ ዘፋኝ ቢሆን ምቱን ሳላቋርጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እወስደው ነበር። በየመሃሉ ስልኬስ እለዋለሁ፤ ገና ነው፣ አልሞላም ይለኛል።

አንድ ጊዜ ልቤ አላርፍ አለኝ። ማንም ምንም አላለኝም። ሚኪን ብቻህን በቴፕ አጫውታቸው፣ እኔ ደርሼ ልምጣ ብዬ ከኦርጋኑ ኋላ ስወጣ ጋሽ ደበላ ከፊቴ ደረሱ። ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

"ሰው ልኬ ነበር ልጄ። ሾርባ ቀምሳ ተኝታለች። ሙሽሮቹ እስኪወጡ ብቻ ታገሺ፣ ከዚያ እኔው አደርስሻለሁ" አሉኝ።

አመንኳቸው። ለምን አላምናቸውም? የእድር ዳኛ ናቸው፣ በእናቴ ፊት ቃል የገቡልኝ ሰው ናቸው። እንዲያውም እፎይ አልኩ። ተመልሼ ቆምኩና እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። እናቴ ደህና ተኝታለች ብዬ በደስታ ነው የተጫወትኩት። ወጣቶቹ አቧራ አስነሱ። ሙሽራዋ አባቷን ጎትታ አስገባቻቸው። ጋሽ ደበላ ዓይናቸውን ጨፍነው ጨፈሩ፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ አየሁ። የሴት ልጅ አባት አይደሉ፣ ያልቅሱ ብዬ ችክችካውን ይበልጥ አደመቅኩላቸው።

ሙሽሮቹ ሲወጡ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ገመዴን ስጠቀልል ሚኪን ስልኬን አምጣ አልኩት። መሬት መሬት እያየ ጋሽ ደበላ ጋ ነው አለኝ። ስልኬ ጋሽ ደበላ ጋ ምን ይሠራል? ቀና ስል ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ወደኔ ይመጣሉ። ከኋላቸው ሴቶች አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከፊት የነበሩት ጋሽ ደበላ፣ ልጄ ዛሬ ደክሞሻል፣ እኛ ቤት እደሪ አሉኝ።

ቤቷ ማዶ የሚታይ ሰው፣ በሽተኛ እናት ያላት ሰው፣ ዛሬ ሰው ቤት እደሪ ስትባል ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ አገር ሰው አይነገረውም። እኔም መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ መሆኑን፣ እስከዚያ ድረስም ሰው እንደሚደበቅ ስለማውቅ ነው ወዲያው የገባኝ። ኦርጋኑን እንደቆመ ትቼው ሮጥኩ። ድልድዩ ጋ አንድ ባጃጅ አግኝቼ ዘልዬ ገባሁ።

ስደርስ ተገንዛ ነበር። ታጥባ፣ ያሳየችኝን ልብስ ለብሳ፣ ተሸፍና ተኝታለች። እጇን ልይዝ ጨርቁን ገለጥኩ። ሬሳ ሲገነዝ እጅ ይታሰራል፤ አውራ ጣቶቿን በነጭ ክር አስረዋቸዋል። እዚያ ላይ ተደፋሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ አላስታውስም። ሴቶች ጎትተው አስነሱኝ፣ ፊቴን በውሃ ረጩኝ፣ ቻይው ሲሉኝ ነበር። እትዬ ዘነበች ጥግ ይዘው እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ድንኳን መጣ። ትናንት ስጫወትበት የዋልኩት ያው የእድሩ ድንኳን ነው፤ አንዱ ቋሚ ላይ ሳይፈታ የቀረ የሰርግ ሪባን ነበር። አንድ ሰው አይቶት ቶሎ በጠሰው። ስድስት ሰዓት ላይ ቀበርናት።

እስከዚህ ድረስ ያለውን እንደ ምንም ችዬው ነበር። እናቴ ድንገት በእንቅልፏ አርፋለች፣ እኔን ላለማስደንገጥ ደብቀውኛል ብዬ ነው ያሰብኩት። ተናድጃለሁ፣ ግን ወግ ነው፣ ስንቱን ሰው ደብቀን እናውቃለን። እኔም ራሴ ጎረቤት ሞቶ ልጁ እንዳይሰማ ሬዲዮ ከፍቼ አውቃለሁ።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ሰው ቀነስ ሲል እትዬ ዘነበች መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔ ይህን ይዤ መኖር አልችልም አሉኝ። ከዚያ ነገሩኝ።

እናቴ ትንፋሿ የተለወጠው ከምሳ በኋላ ነው። አእምሮዋን አልሳተችም። ሰናይትን ጥሩልኝ አለች። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ ለኔ ደወሉ፣ በጩኸቱ አልሰማሁም። ከዚያ እንደተባባልነው ለጋሽ ደበላ ደወሉ። ልጇን ትጠራለች፣ ቶሎ ላኩልኝ አሉ። ጋሽ ደበላ እሺ፣ እሺ አሉ። እኔ አልመጣሁም። የመጡት ከእድሩ ሁለት ሴቶች ናቸው። ሬሳ ማጠብና መገነዝ የሚያውቁ ሴቶች። እናቴ በሕይወት ሳለች እነሱ ሳሎን ተቀምጠው ይጠብቁ ጀመር። እትዬ ዘነበች ልጅቷስ ብለው ሲጠይቋቸው ጋሽ ደበላ ይዘዋት ይመጣሉ አሏቸው። ሴቶቹም እውነት መስሏቸው ነው። ስልኬ በሚኪ እጅ የተወሰደው በዚያው ሰዓት ነው።

ይህን ሲነግሩኝ ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር።

እናቴ አየር አጥሯት መስኮቱንም በሩንም አስከፍታለች። ቤታችን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ ወንዙ መሃል ላይ ስለሆነ ድምፅ የሚጋርድ ነገር የለም። ሞንታርቦው ሲጮህ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጫወት ሰው ያለ ያህል ይሰማ ነበር አሉ። እናቴ ያ የሷ ነው አይደል ብላ ጠየቀቻቸው። አዎ የሷ ነው አሏት። ደስ አላት አሉ። ዘፈኑ ሲያልቅና ዝም ሲል፣ ጨረሰች፣ አሁን ትመጣለች ትልና ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች። በሩን ታያለች። ሌላ ዘፈን ሲጀምር ፊቷን መልሳ ዓይኗን ትጨፍናለች። ደግሞ ዝም ሲል ታዞራለች። እስክታርፍ ድረስ ይኸው ነበር አሉኝ። ያረፈችው ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ፣ እኔ እየተጫወትኩ ነው። እጇን የያዟት እትዬ ዘነበች ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ተነስቼ ወደ ድንኳኑ ወጣሁ። ጋሽ ደበላ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከድንኳኑ ጠፍተው አያውቁም፤ ለቅሶ ደራሽ ሲቀበሉ፣ ወንበር ሲያስመጡ፣ ምግብ ሲያስቀርቡ ነበር። ልጃቸውን የዳሩ ሰው መልስ እንኳ በወጉ ሳይጠሩ እዚህ ነው የዋሉት። ሁለት ሽማግሌዎች አብረዋቸው ነበሩ። እኔን ሲያዩ አወቁ መሰለኝ፣ ሽማግሌዎቹን ዞር በሉ አሏቸው።

"ጋሽ ደበላ፣ በሕይወት ነበረች እኮ" አልኳቸው።

 ያለቀላት መሰለኝ አሉ። የሰው ሞት ብዙ አይቻለሁ፣ ትንፋሿ ተቀየረ ሲሉኝ እስክትደርሺ አትቆይም ብዬ ነው፤ ብቻሽን ሮጠሽ ሬሳ ላይ እንዳትደርሺ፣ ደንግጠሽ እንዳትወድቂ ብዬ ነው አሉኝ። መርዶ በቀን፣ በሰው ደስታ መሃል አይነገርም አሉ።

"መርዶ አልነበረም። ጥሪ ነበር። እናቴ ናት የጠራችኝ።"

አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ስለ አባታቸው ነገሩኝ። አባታቸው የሞቱ ጊዜ እሳቸው ፋብሪካ ሥራ ላይ ነበሩ። ጓደኞቻቸው ፈረቃቸውን እስኪጨርሱ ደብቀዋቸው፣ ቤት ወስደው አብልተው፣ አስተኝተው፣ ሲነጋ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የተረዱት። "እነዚያን ሰዎች ዕድሜ ልኬን ሳመሰግን ኖሬያለሁ። ላንቺም ያንኑ ያደረግኩ መስሎኝ ነው" አሉኝ።

አባትዎ ግን ሞተው ነበር አልኳቸው። አዎ፣ ሞቶ ነበር አሉ።

ሌላም ጠየቅኳቸው። ለኔ አዝነው ነው ወይስ የልጅዎ ሰርግ እንዳይበላሽ ነው አልኳቸው። ይህን ስጠይቅ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ ሰው ሰምቷል። ጋሽ ደበላ ሊዋሹኝ ይችሉ ነበር። ላንቺ ብዬ ነው ቢሉኝ ማን ያጋልጣቸዋል?

"እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። አላውቅም ልጄ" አሉ። ከዚያ አለቀሱ። ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። እኔ ግን አላባበልኳቸውም። ይቅር ብዬዎታለሁም አላልኩም። ገብቼ ተኛሁ።

ኦርጋኔን ሚኪ አምጥቶ በራችን ላይ አስቀምጦት ነው የሄደው፤ ለመግባት አፍሮ። ከጋሽ ደበላ ታዝዞ ነው፣ እናቴ በሕይወት መኖሯን አላወቀም፤ ሞታለች ነው ያሉት። ከሱ ጋር ታርቀናል። ቤዛም ጫጉላዋን ሳትጨርስ ጥቁር ለብሳ መጥታ እግሬ ላይ ወድቃለች። ያቺ ልጅ ምን አደረገች? ሰርጓን ሰረገች እንጂ። ከጋሽ ደበላ ጋር ግን ሰላምታ ብቻ ነው። በመንገድ ስንገናኝ ቆመው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። እኔም ጎንበስ እላለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር የለንም።

ዓመት ሊሞላኝ ሲል ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሌላ የምችለው ነገር የለኝም። ጎረቤቶቼ ያጽናኑኛል። ምን የታደለች እናት ናት፣ በልጇ ሙዚቃ ታጅባ ነው የሄደችው ይሉኛል። እኔ እንዲህ የሚሉኝን ሰዎች አልጠላቸውም፤ ደግ ለመናገር ነው። እሺ፣ እውነት ነው እላቸዋለሁ። ግን አልተጽናናሁም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀችኝ፣ እሱንም ሰዎች ተማክረው ከለከሏት። ከዚህ ወዲያ ማንንም አልደብቅም፤ ጨካኝ ይበሉኝ።

እየተጫወትኩ ሳለሁ ደህና ነኝ። የሚከብደኝ ዘፈኑ ሲያልቅ ነው። ያን ቀን ምቱን ስንት ጊዜ እንዳቆምኩ ለማስታወስ እየሞከርኩ የማድርበት ሌሊት አለ። አላስታውስም። ባስታውስ ኖሮ እናቴ ስንት ጊዜ በሩን እንዳየች አውቅ ነበር።